«ወረቀትሽ ምንድን ነው?»

ጎፋ ካሉት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤታቸውን የሚያከራዩ አንዲት እናት አሉ እንበል። ደላላው ይዟት የመጣው ወጣት ጨዋ ናት። ዋጋ አልተከራከረችም፤ የሁለት ወር ቅድሚያውን በቦርሳዋ ይዛለች። አማርኛዋ አይደናቀፍም፤ አንዳንድ ፊደል ላይ ብቻ የትግርኛ ቃና ያመልጣታል። ሴትዮዋ ቁልፉን በእጃቸው እያገላበጡ ትንሽ አመነቱና፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ፣ ወረቀትሽ ምንድን ነው?» አሏት።

«መታወቂያ አለሽ?» አላሏትም። «ወረቀት» በዚህ ትርጉሙ ከውጭ አገር በስልክ የገባ ቃል ነው። ከዋሽንግተንም ከሪያድም ከቤይሩትም «ወረቀቱ ወጣለት»፣ «ወረቀት የላትም» ሲባል ስንሰማ ኖረናል። የስደተኛው ዘመድ ሆነን የተማርነውን ቃል ዛሬ አከራይ ሆነን በጎፋ ደረጃ ላይ እንጠይቅበታለን።

ሴትዮዋ ክፉ ሆነው አይደለም የጠየቁት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ዓላማው ተከራዩን በየስድስት ወሩ ከሚመጣ ጭማሪ ማዳን ነበር፤ ብዙ ተከራይም አድኗል። ነገር ግን ውል ሲመዘገብ የተዋዋዩ ማንነት አብሮ ይመዘገባል። ዱሮ በአከራይና በተከራይ መካከል በቃል ያልቅ የነበረው ነገር አሁን ወረዳው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ለዜጋው ይህ አንድ ተጨማሪ ወረፋ ነው። ለባዕዱ ግን፣ ቤት መከራየት እንደ ድንበር መሻገር ሰነድ የሚጠየቅበት ጉዳይ ሆኗል።

ነፋስ ስልክ ላፍቶን የመረጥኩት ባዕድነት ስንት ዓይነት እንደሆነ በአንድ ክፍለ ከተማ ስለሚያሳይ ነው። (ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ ከመጣ ነገር የተወለደ ነው፤ ሽቦ የሌለውን የሬዲዮ ቴሌግራፍ የአገሬው ሰው «የነፋስ ስልክ» እንዳለው ይነገራል።) ሳር ቤት አካባቢ ዲፕሎማቶችና የአፍሪካ ኅብረት ሠራተኞች ይኖራሉ። ለቡ ከአሜሪካ ተመልሰው ግቢ ያላቸው ቤቶች የሠሩ ሰዎች አሉ። ጎፋና ጀሞ ደግሞ የኤርትራውያን ቤተሰቦች ከእኛው ጋር ደረጃ ተጋርተው፣ ጀበና ተዋውሰው የሚኖሩባቸው ናቸው።

ዲፕሎማቱን ቶሎ እንለፈው፤ መታወቂያውን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሰጠዋል፣ ወረፋም አያውቅም። የኩባንያ ሠራተኛ የሆነው የውጭ ዜጋም ብዙ አያስጨንቀንም። አሠሪው የሥራ ፈቃድ ያወጣለታል፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ኢሚግሬሽን የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ፋይሉን ይዞ የሚሮጥ ጉዳይ አስፈጻሚም አለለት። ነገሩ የሚከብደው ግማሽ የኛ፣ ግማሽ የሌላ የሆነው ሰው ዘንድ ስንደርስ ነው።

የክብደቱ ሥር ያለው ቀበሌ ውስጥ ይመስለኛል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ቀበሌም ከዚያ ወጣ። የቀበሌ መታወቂያ ሦስት ነገር በአንድ ካርቶን ላይ ይናገር ነበር፦ ይህ ሰው ማን ነው፣ የት ይኖራል፣ የማን ነው። ስኳርና ዘይት በዚያ ይወጣል፤ የቤት ኪራይ በዚያ ይከፈላል፤ እድርና ስብሰባም ያንኑ ይከተላል። ቀበሌ ወረዳ ሆነ፣ ካርቶኑ ፕላስቲክ ሆነ፤ ሦስቱ ጥያቄዎች ግን ተጣብቀው ቀሩ። ነዋሪ ማለት ዜጋ ማለት ሆነ። በመካከሉ የቆመ፣ እዚህ እየኖረ የእኛ ዜጋ ያልሆነ ሰው የሚጻፍበት መስመር በቅጹ ላይ አልነበረም፤ እሱ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ወዳለው ኢሚግሬሽን ይሂድ ነው መልሱ።

ዜጋውም ቢሆን አልተመቸውም። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከሶዶ መጥቶ ጀሞ የሚኖር ልጅ፣ ከነበረበት ወረዳ መሸኛ ካላመጣ የአዲስ አበባ መታወቂያ አያገኝም። መሸኛ መቀበል የቆመባቸው ጊዜያትም ነበሩ። ዓመታት ሠርቶ፣ ግብር ከፍሎ፣ ልጅ ወልዶ «የክፍለ ሀገር መታወቂያ» ይዞ የሚዞረው ስንት ነው! የዚህ ልጅና የኤርትራዊቷ ተከራይ ችግር አንድ አይደለም፤ ወንድምና እህት ግን ነው። ሁለቱንም የሚጠይቃቸው ያው ቅጽ ነው፤ የት እንደሚኖሩ ሳይሆን ከየት እንደመጡ የሚያጣራ።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። አባቷ እዚሁ አዲስ አበባ ተወልዶ፣ እዚሁ ተምሮ፣ እዚሁ ሥራ የያዘ ሰው ነበር እንበል፤ እንዲህ ያለ ታሪክ በዚህች ከተማ ብርቅ አይደለም። በ1985ቱ ሕዝበ ውሳኔ ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን እዚህ የነበሩት ኤርትራውያን ዜግነታቸው ምን እንደሆነ በግልጽ የነገራቸው አልነበረም። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ መልሱ ደረሳቸው። በሁለት ዓመቱ ጦርነት ከኢትዮጵያ የተባረሩት 75 ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ብዙዎቹ በኪሳቸው የነበረው ወረቀት ኢትዮጵያዊ ነበር። የልጅቷ አባትም ከእነሱ አንዱ ነው እንበል።

ከዚያ በኋላ የወጡትን ሕጎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ያስተምራል። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ የውጭ ዜጋ ያለ ቪዛ እንዲገባ፣ ያለ መኖሪያና ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲኖርና እንዲሠራ፣ ቤት እንዲኖረው ፈቀደ። «ቢጫ ካርድ» የምንለው ይኸው ነው። አዋጁ በጣም ለጋስ ነው፤ ቅድመ አያት ድረስ ይቆጥራል። ሜሪላንድ ተወልዶ አማርኛ የማይሰማ ወጣት ከአያቱ አባት አንዱ ኢትዮጵያዊ ከነበረ በሩ ክፍት ነው። ነገር ግን እዚያው ትርጓሜው ላይ አንድ ልዩ ሁኔታ ተቀምጧል፦ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ትቶ የኤርትራን ዜግነት የያዘ ሰው አይካተትም። አሜሪካዊ፣ ስዊድናዊ፣ አውስትራሊያዊ ብትሆን ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነህ። ኤርትራዊ ከሆንክ ግን አይደለህም፣ አዲስ አበባ ብትወለድም። የልጅቷን አባት ከበር የመለሰው ይህ ሐረግ ነው።

ለሐረጉ ምክንያት አልነበረውም አልልም። ጦርነቱ ካበቃ ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ቁስሉ ትኩስ ነበር። የሚገርመው ሌላ ነው። በ1996 መንግሥት በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኤርትራውያንን የመኖሪያ ሁኔታ የሚወስን መመሪያ አወጣ። ኤርትራ ነጻ ከወጣችበት ጊዜ አንሥቶ እዚህ በቀጣይነት የኖረ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ እንዲያገኝ፣ የፈለገም ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን መልሶ እንዲያገኝ መንገድ ከፈተ። በአንድ አጭር መመሪያ ለዓመታት «ምንድን ነን?» እያሉ የኖሩ ሰዎች መልስ አገኙ። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተርም፣ የጣት አሻራም፣ የዓለም ባንክ ብድርም አላስፈለገም። ቀን ቆርጦ «ከዚህ ቀን ጀምሮ የነበራችሁ» ማለት ነበር የሚያስፈልገው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ የመጣው ትውልድ በሌላ በር ገባ፤ በስደት። አፍሪካ የራሷን የስደተኞች ስምምነት የተቀበለችው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው፤ ከተማዋ ለስደተኛ ሕግ እንግዳ አይደለችም ለማለት ነው። ሆኖም ስደተኛ በካምፕ እንጂ በከተማ እንዲኖር አይፈቀድለትም ነበር። በ2002 ከካምፕ ውጭ የመኖር ፈቃድ ሲጀመር በቅድሚያ የተመለከተው ኤርትራውያንን ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ከተማ ውስጥ የሚያስጠጋቸውና የሚያኖራቸው ዘመድ ስለነበራቸው። ጎፋና ጀሞ የሞሉት በዚህ መንገድ ነው። በ2010 የስደተኛ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ማግኘት ጀመረ። በ2011 የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ የመሥራት፣ የመንቀሳቀስ፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈት መብትን በጽሑፍ አሰፈረ። በአፍሪካ ካሉት ለጋስ ሕጎች አንዱ ተብሎ ተወደሰ፤ ተገቢም ነበር።

እዚህ ላይ ነው ክሩ የተበጠሰው። መስከረም 1 ቀን 2011 ድንበሩ ተከፈተ። ዛላምበሳ ላይ ሰው ተቃቅፎ ሲያለቅስ በቴሌቪዥን ያላየ የለም። ለሃያ ዓመት ያልተያዩ እናትና ልጅ ተገናኙ። በዚያ ሰሞን የተሻገረውን ሰው ፓስፖርት የጠየቀው አልነበረም፤ መግቢያ ማኅተምም አልተመታለትም። በወራት ውስጥ በሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። በ2012 ደግሞ ኤርትራዊ በመሆኑ ብቻ እንደ ስደተኛ የመቆጠር የቆየ አሠራር ቀረ። ከዚያ የትግራይ ጦርነት መጣ፤ ሽመልባና ሕፃጽ የነበሩት የኤርትራውያን ስደተኞች ካምፖች ወደሙ፤ ከዚያ የሸሸው ሰው ዳባት አጠገብ ወደ ተከፈተው አለምዋጭ ሄደ፣ ወይም አዲስ አበባ ዘመዱ ቤት ገባ።

ልጅቷ በዚያ መስከረም የገባች ናት እንበል። ስደተኛ ሆና አልገባችም፤ እንግዳ ሆና፣ አክስቷን ልትጠይቅ ነው የመጣችው። ስለዚህ የስደተኛ ካርድ የላትም። ቪዛ ይዛ አልገባችምና የመኖሪያ ፈቃድ ስትጠይቅ የሚቆጠርላት መግቢያ ቀን የለም፤ የሚቆጠርባት ያለ ፈቃድ የኖረችበት ቀን እንጂ። ቢጫ ካርድ በሐረጉ ምክንያት የቤታቸው ጉዳይ አይደለም። የ1996ቱ መመሪያም የሚመለከተው ቀድሞ የነበረውን ነው። አራት በሮች ናቸው፤ አራቱንም አንኳኩታለች።

ያም ሆኖ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ኑሮ ይገፋ ነበር። ሲም ካርዱ በአክስት ስም ይወጣል። ከውጭ የሚላከው ገንዘብ በአጎት ሒሳብ ይገባል። ቤቱ በቃል ውል ይከራያል። ጨለማ ገጹም አለ፤ የፎርጅድ መታወቂያ ገበያውና የሚያስፈራራው ደላላ። በዚህ የተንዘላዘለ ወረቀት ስንት ሰው እንደተበላ ቤቱ ይቁጠረው። ስለዚህ «ፋይዳ» ሲመጣ እኔም ደስ ካላቸው መካከል ነበርኩ።

የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 በሐሳብ ደረጃ ከ1967 ወዲህ የተደረገ ትልቁ ለውጥ ነው፤ ስለ ቴክኖሎጂው አይደለም ይህን የምለው። የዐሥር ጣት አሻራና የዐይን ብሌን ማንሳት ሌላውም አገር ያደርገዋል። ትልቁ ነገር፣ ቁጥሩ የዜግነት ማረጋገጫ አይደለም። ብሔር አይጠይቅም። የሚመዘግበው ኢትዮጵያዊውን ብቻ ሳይሆን በሕጋዊ መንገድ እዚህ የሚኖረውን ሁሉ ነው። ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ ከነበረው የቀበሌ ካርቶን አንዱን ብቻ ነጥሎ አወጣ፦ ይህ ሰው ማን ነው? የዓለም ባንክ ለሥራው በፈቀደው 350 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ ስደተኞችም ታስበዋል፤ በ2017 የተመዘገቡ ስደተኞች የፋይዳ ቁጥር ያለበት ካርድ መቀበል ጀመሩ። ከ2012 በፊት ለገባውና ካርድ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባንኩ መስኮት ላይ «ይህ ምንድን ነው? አናውቀውም» ከሚል ሠራተኛ ጋር መከራከር ቀረለት፤ የእሱም ቁጥር እንደኔ ቁጥር 12 አኃዝ ነው።

እንከኑ ያለው «በሕጋዊ መንገድ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ፋይዳ ማን እንደሆንክ ይመዘግባል እንጂ ለምን እዚህ እንደምትኖር አይወስንም፤ ያንን የሚወስነው ኢሚግሬሽን ወይም የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ነው። ዜጋ የሆነ ሰው ሰነድ ቢያጣ ምስክር አቅርቦ ሊመዘገብ ይችላል። የውጭ ዜጋ ግን በምስክር አይሆንለትም፤ ወረቀት ያስፈልገዋል። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግድ ሆነ። ሌላውም አገልግሎት ቀስ በቀስ ያንኑ ተከትሏል። እንግዲህ ሰንሰለቱን ተከተሉት፦ ባንኩ ፋይዳ ይላል፤ ፋይዳ የመኖሪያ ወረቀት ይላል፤ የመኖሪያ ወረቀት ሰጪው የመግቢያ ማኅተም ይላል፤ ማኅተሙ ደግሞ በዚያ የዕንባና የእልልታ መስከረም አልተመታም።

ቀድሞ በየቢሮው የነበረው እንቅፋት የተለያየ ስለነበር አንዱን በዘመድ፣ አንዱን በምስክር፣ አንዱን በልመና ማለፍ ይቻል ነበር። አሁን ሁሉም እንቅፋት አንድ ቦታ ተሰብስቦ አንድ ቋጠሮ ሆኗል። ቋጠሮው ከተፈታ ሁሉም ይፈታል፤ ካልተፈታ ሁሉም ይዘጋል። ለዚህ ነው ዲጂታሉ መታወቂያ ወረቀት ላለው በር፣ ለሌለው ግድግዳ የሚሆነው። መሐንዲሶቹን ለዚህ አልወቅስም። እነሱ «ማን ነው?» የሚለውን በሚገባ መልሰዋል፤ ሌላኛው ጥያቄ የፖለቲካ ጥያቄ ስለሆነ እነሱን አይመለከትም።

ተቃራኒውን ክርክር አውቀዋለሁ። አገሪቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ስደተኛ ታስተናግዳለች፤ ከኤርትራ ጋር ያለው ነገር አንድ ቀን ሰላም፣ አንድ ቀን ሥጋት ነው፤ ማን እንደገባ ማወቅ የመንግሥት መብት ነው። ትክክል። ግን ያልተመዘገበ ሰው ከአገር አልወጣም፤ ጎፋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አለ። ሥጋቱ እውነት ከሆነ የበለጠ የሚያሰጋው ስሙ የትም ያልተጻፈው ሰው ነው። መንግሥት ሊያውቀው የሚፈልገውን ሰው የመታወቂያ በር ላይ መመለስ ከራስ ጋር መጋጨት ነው።

የሌላውን በር ስፋት ስናይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ2017 የወጣ ሌላ አዋጅ የውጭ ዜጎች እዚህ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆኑ ፈቅዷል፤ ዝቅተኛው ዋጋ 150 ሺህ ዶላር ነው። ትውልደ ኢትዮጵያውያን በ2011 የባንክ አክሲዮን እንዲገዙ ተፈቀደላቸው፤ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ያላቸውን እንዲሸጡ ታዘው የነበሩት እነሱው ናቸው። ባዕድ ማን እንደሆነ የሚወስነው መስመር እንደ ዶላር ፍላጎታችን ወዲያና ወዲህ ሲል ኖሯል። እኔ ይህን በራሱ አልኮንንም፤ አገር ገንዘብ ያስፈልጋታል። ነገር ግን ለገንዘብ ሲባል መስመር ማንቀሳቀስ ከተቻለ፣ እዚህ ለሚሠራና ግብር ለሚከፍል ሰው ማንቀሳቀስ የማይቻልበት ሕጋዊ ምክንያት አይታየኝም።

መንገዱም አዲስ አይደለም። የያዛችሁልኝ ነጥብ ይህ ነው፦ የ1996ቱ መመሪያ። አንድ ቀን ይቆረጥ፤ ከዚያ ቀን በፊት የገባና እዚህ መኖሩን በውል፣ በትምህርት ቤት ደብተር፣ በሰፈር ምስክር የሚያሳይ ሰው ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጠው፤ ስለ ቆየበት ቀን የሚቆጠረው ቅጣት ይሰረዝለት። ያኔ ፋይዳ የቀረውን በራሱ ይሠራዋል። በ1922 የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ እንኳ ባዕዱን 5 ዓመት ከኖርክ፣ ራስህን ከቻልክና አማርኛ ካወቅህ ዜጋ ልትሆን ትችላለህ ይል ነበር። የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 378 ወደ 4 ዓመት አወረደው፤ ቋንቋውንም ከአገሪቱ ቋንቋዎች አንዱ ይበቃል አለ። ልጅቷ ሁለት ቋንቋ አላት፤ ዓመታቱንም ደጋግማ ኖራቸዋለች። የጎደላት ዓመታቱ መቼ እንደጀመሩ የሚናገር ማኅተም ነው።

ኅዳር 2006 ሳዑዲ አረቢያ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላቸውን ስታስወጣ ከ160 ሺህ በላይ የኛ ሰዎች በአውሮፕላን ተመለሱ። ቦሌ ሄደን ብርድ ልብስ ያቀበልን ብዙ ነን። ያኔ «አንድ ወረቀት ሰጥተው ቢተዋቸው ምን ነበረበት?» ስንል ነበር፤ ጎፋ ያሉት ሴትዮም ብለው ይሆናል።

ሴትዮዋ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ልጅቷ አጎቷ ጋ ደወለች፤ ጀሞ የሚኖር፣ በ1996ቱ መመሪያ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ቡና ጠጡ፤ የአስመራና የአዲስ አበባን ዝናብ እያነጻጸሩ ትንሽ ተጫወቱ። ውሉ ላይ የፈረመው እሱ ነው። በመዝገቡ መሠረት ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው አንድ ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ ቁልፉ ያለው ልጅቷ ጋ ነው።